ከደብተር እስከ መደርደሪያ፤ መጽሐፍ የሚያሳትም ሰው ሒሳቡን ከየት ይጀምር?

በአገራችን ስለ ንግድ፣ ስለ ቀረጥና ስለ ሀብት አስተዳደር በአማርኛ ከጻፉት ቀደምት ሰዎች ዋነኛው የጉምሩክ ሰው ነበሩ። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በድሬዳዋ በጉምሩክ ሹምነት አገልግለዋል። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተሰኘው መጽሐፋቸው ግን ለአንባቢ የበቃው እርሳቸው በ1911 ዓ.ም. ካረፉ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. ነው። «ዳግማዊ ምኒልክ» የተባለውን የንጉሠ ነገሥቱን የሕይወት ታሪክ በ1901 ዓ.ም. ሮም ያሳተሙት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስም ኋላ ላይ የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነዋል። ነጋድራስ ማለት የነጋዴ አለቃ ማለት ነው። እንግዲህ መጻፍና መነገድ ድሮም አልተጣሉም ነበር።

ዛሬ ሁኔታው ሌላ ነው። መርካቶ አርባ ዓመት የከረመ፣ የትኛው ዕቃ በየትኛው ዓመት እንደጠፋ፣ ማን ለማን ዋስ ሆኖ እንደከሰረ፣ የውጭ ምንዛሪ ወረፋ እንዴት ይያዝ እንደነበር ልቅም አድርጎ የሚያውቅ ሰው ሞልቷል። ይህ ዕውቀት ግን ቡና ሲጠጣ ይወራል እንጂ አይጻፍም። ሰውየው ሲያርፍ አብሮት ይቀበራል። ልጆቹ የሚወርሱት ሱቁን ነው። ሱቁ እንዴት እንደቆመ የሚናገር ወረቀት አያገኙም።

ልጻፍ ብሎ የሚነሳውም አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ «ማሳተሚያው ስንት ይፈጃል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ቦታው ሁለተኛ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለማየት ያህል፣ ሠላሳ ዓመት በትራንዚተርነት የሠራ አንድ ሰው አለ እንበል። ጡረታ ሊወጣ ነው፤ ዕቁብ ደርሶታል፤ ወዳጆቹም «አንተ እኮ መጽሐፍ ነህ» እያሉ ልቡን አነሳስተውታል። ከልጅነቱ ጀምሮ ያለውን ሕይወት በሙሉ ሊጽፍ ይነሳል። የትውልድ መንደሩን፣ የቄስ ትምህርቱን፣ አዲስ አበባ የገባበትን ቀን ሲጽፍ ሁለት ደብተር ያልቃል። የሚያውቀው ሰው ሁሉ ያከብርለታል፤ የማያውቀው ግን ገንዘብ አውጥቶ የሚገዛበት ምክንያት የለውም። ይኸው ሰው «ከአሰብ ወደ ጅቡቲ» ብሎ፣ ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት በኋላ የአገሪቱ ዕቃ በሙሉ መንገድ ሲቀይር በመጋዘኑ፣ በከባድ መኪናውና በወረቀቱ ላይ የደረሰውን ቢጽፍ ግን ያ መጽሐፍ ገዢ አለው። አስመጪው ይገዛዋል፤ ተማሪው ይገዛዋል፤ የባንክ የብድር ሠራተኛው ይገዛዋል። ልዩነቱ በሰውየው ዕውቀት ላይ አይደለም። ከአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ አንድ ነገር መርጦ ሌላውን መተው በመቻል ላይ ነው።

በዚህ ረገድ የ«ዝክረ ነገር» ዕድሜ የሚያስተምረው ነገር አለ። ባላምባራስ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ያወጡት ይህ መጽሐፍ ደንብና ግብር፣ የመሬት ሥሪትና የመንግሥት አስተዳደር የተሰበሰበበት ነው። ወግ አይደለም፤ ለመሳቅ የሚነበብም አይደለም። ነገር ግን በ1962 ዓ.ም. ዳግመኛ ታትሟል፤ እስከ ዛሬም ተመራማሪ ይጠቅሰዋል። ሰው ሊያገኘው የማይችለውን ዝርዝር የያዘ መጽሐፍ ደራሲው ቢያልፍም ፈላጊ አያጣም።

ጽሑፉ ላይ ብዙዎች የሚወድቁበት ጉድጓድ ዓመተ ምሕረት ነው። የእኛና የፈረንጆቹ ዘመን ልዩነት ከመስከረም አንስቶ ፈረንጆቹ ዓመት እስኪለውጡ ድረስ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ደግሞ 8 ነው። የባንክ ሰነድ፣ የመርከብ ማጓጓዣ ደረሰኝና የውጭ ኩባንያ ደብዳቤ በፈረንጅ ዘመን የተጻፉ ናቸው፤ ሰውየው የሚያስታውሰው ደግሞ በእኛ ነው። ሁሉንም በደፈናው 8 እየቀነሰ የሚሄድ ጸሐፊ ኅዳር ላይ የተደረገውን ነገር አንድ ዓመት ወደ ኋላ ይጥለዋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው አንባቢ አንዷን ስሕተት ካገኘ ሌላውንም አያምንም። ልምድ ያላቸው አርታዒዎች ከደብተሩ ጎን የቀን ሰንጠረዥ የሚያስይዙት ለዚሁ ነው፤ ድርጊት፣ ቀን በኢትዮጵያ፣ ቀን በአውሮፓ፣ ምንጩ ሰነድ ይሁን ወሬ። «ሰምቻለሁ» እና «አይቻለሁ» ተለያይተው ካልተቀመጡ ከሁለት ዓመት በኋላ ጸሐፊው ራሱ መለየት ያቅተዋል።

ሌላው የፊደል ጣጣ ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ። በድምፅ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተር የተለያዩ ፊደላት ናቸው። የአንድ ሰው ስም በአንዱ ምዕራፍ በ«ኃይሌ»፣ በሌላው በ«ሀይሌ» ከተጻፈ በመጨረሻ የስም መጠቁም ሲወጣ አንዱ ሰው ሁለት ሆኖ ይገኛል። የድሮ ጽሑፍ በዲስክ ያላቸው ሰዎች ደግሞ ሌላ ችግር አለባቸው። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ የተተየበ ጽሑፍ በብዛት አለ። እንዲህ ያለው ፋይል በአዲስ ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት የተዘበራረቀበት ይሆናል። መቀየሪያ ፕሮግራም ቢኖርም ቁጥርና ሥርዓተ ነጥብ ላይ ስለሚስት ከቅየራ በኋላ ገጽ በገጽ ሳይነበብ ማተሚያ ቤት የገባ ጽሑፍ ወጪ ያስከትላል።

እዚህ ላይ አርታዒው ይመጣል። ለሽፋን ሠዓሊ የሚከፍል፣ ለምርቃት አዳራሽ የሚከራይ፣ ለካሜራ ባለሙያ የማይሰስት ሰው ለአርታዒ ሲሆን እጁ ያጥራል። «ወንድሜ አማርኛ መምህር ነው፣ እሱ ያይልኛል» ይላል። ወንድም የፊደል ግድፈት ይለቅም ይሆናል፤ «ይህ ምዕራፍ ይውጣ» ለማለት ግን አይደፍርም። መውጣት ያለበት ምዕራፍ ደግሞ ገንዘብ ነው። እንዴት?

ወረቀቱን በሚዛን

መካከለኛ የሚባል 240 ገጽ ያለው፣ በኤ5 መጠን የሚታተም መጽሐፍ እንውሰድ። አንድ ኤ2 ሉክ ወረቀት ሁለቱም ፊት ሲታተም 16 ገጽ ይወጣዋል። ስለዚህ አንዱ መጽሐፍ 15 ሉክ ይበላል ማለት ነው። 3,000 ቅጂ ሲሆን 45,000 ሉክ፣ ወይም 500 ሉክ በሚይዝ ደስጣ ሲቆጠር 90 ደስጣ ይሆናል። ወረቀቱ ባለ60 ግራም ከሆነ አንዱ ሉክ 15 ግራም ያህል ስለሚመዝን ጠቅላላው 675 ኪሎ ነው። ባለ70 ግራም ይሁን ከተባለ ወደ 787 ኪሎ ይወጣል። በማሽን ማስተካከያ የሚበላሸው፣ ሽፋኑና ማሸጊያው ገና አልተቆጠሩም።

አሁን አርታዒው ከመጽሐፉ 16 ገጽ ይቀንስ እንበል። 3,000 ሉክ ተረፈ፤ ማለትም 6 ደስጣ፣ 45 ኪሎ ወረቀት። በተቃራኒው ደራሲው «እቺን አንዲት ትዝታ ጨምሩልኝ» ብሎ መጽሐፉ 245 ገጽ ቢሆን በባለ16 ገጽ እጥፍ ሲታሰብ የሚከፍለው ለ256 ገጽ ነው፤ የቀሩት 11 ገጾች ባዶ ናቸው። በማተሚያ ቤት በር ላይ ከሚሰማው ጭቅጭቅ አብዛኛው ከዚህች ሒሳብ የሚመነጭ ነው።

ለመጽሐፍ የሚሆነው ወረቀት በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ዋጋው የሚከተለው ዶላርን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። ከዚያ በፊት የዋጋ ማቅረቢያ ወስዶ «ክረምቱ ይለፍና አሳትማለሁ» ያለ ሰው በመስከረም ሲመለስ ያው ወረቀት አልጠበቀውም። ማተሚያ ቤቶች በዋጋ ማቅረቢያቸው ላይ «ይህ ዋጋ የሚጸናው ለዚህን ያህል ቀን ነው» ብለው የሚጽፉትን መስመር ደራሲዎች ብዙ ጊዜ አያነቡትም። ነጋዴ ግን ያነበዋል፤ ማንበብም አለበት።

በኦፍሴት ሕትመት ሌላው ልብ የሚባል ነገር የማይንቀሳቀሰው ወጪ ነው። ፕሌቱ፣ የገጽ ቅንብሩ፣ የማሽን ማስተካከያው 500 ቅጂም ታተመ 5,000 አይለወጥም። ብዛት ሲጨምር የአንዱ ዋጋ ይወርዳል። ደራሲውን ወደ ጉድጓድ የሚጎትተውም ይኸው ነው። «ሁለት ሺህ ብጨምር እኮ የአንዱ ዋጋ ቀነሰልኝ» ብሎ 5,000 ያሳትማል፤ 3,500ው ሳሎኑ ውስጥ አልጋ ሥር ይቀራል። ያልተሸጠ መጽሐፍ በርካሽ መታተሙ ትርፍ አይደለም። ገበያውን ለማያውቅ ሰው ጥቂት መቶ ቅጂ በዲጂታል ማሽን ማሳተም የአንዱን ዋጋ ቢያስወድድም ጠቅላላ ኪሳራውን ያጠብበዋል።

መክሰርና ማትረፍ የሚለዩባት ቁጥር

ቁጥሩን ለምሳሌ ብቻ እናስቀምጠው። የሽፋን ዋጋው 300 ብር ይሁን። የአንዱ ቅጂ ጠቅላላ ወጪ 120 ብር፣ ለአከፋፋይና ለሻጭ የሚተወው 35 በመቶ ይሁን። 3,000 ቅጂ 360,000 ብር ወጥቶበታል። ከእያንዳንዱ ሽያጭ ለደራሲው የሚመለሰው 195 ብር ነው። ወጪው የሚመለሰው 1,847ኛው ቅጂ ሲሸጥ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው 1,153 ቅጂ በሙሉ ቢሸጥ 224,835 ብር ይገኛል። በወረቀት ላይ ሲታይ መልካም ነው።

ነገር ግን ለዘመድ፣ ለወዳጅ፣ ለቀድሞ አለቃ፣ ለጋዜጠኛ በስጦታ የሚሄደው አለ። 200 ቅጂ ቢታደል 39,000 ብር ሄደ ማለት ነው። ገንዘቡ የተገኘው በብድር ከሆነና ወለዱ በዓመት 18 በመቶ ነው ብንል አንድ ዓመት የቆየው 360,000 ብር 64,800 ብር ይወልዳል፤ ይህን ለመክፈል ብቻ 333 ተጨማሪ ቅጂ መሸጥ አለበት። ገንዘቡ የራሱ ከሆነም ያው ነው፤ ሌላ ቦታ ይሠራ የነበረ ገንዘብ ነው። ደራሲው የሦስት ዓመት ድካሙን ደግሞ በዚህ ሒሳብ ውስጥ አላስገባም። ቢያስገባው መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ይጠፋ ነበር።

ጡረታውን ወይም ዕቁቡን በዚህ ላይ የሚያፈስ ሰው ጠቅላላውን 3,000 ማየት የለበትም። ሊጠይቅ የሚገባው «1,847 ሰው ከየት አመጣለሁ?» ብሎ ነው። ለትራንዚተሩ መልሱ ቀላል ሊሆን ይችላል፤ የሙያ ማኅበሩ አባላት፣ የአስመጪ ድርጅቶች፣ የሎጂስቲክስ ትምህርት የሚሰጡ ኮሌጆች አሉ። አስቀድሞ በደብዳቤ ጠይቆ የ400 ቅጂ የግዢ ማረጋገጫ ያገኘ ሰው ማተሚያ ቤት የሚገባው በሌላ መንፈስ ነው።

በደርግ ዘመን ነገሩ በሌላ መንገድ ነበር የሚሄደው። ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ረቂቁን ተቀብሎ በራሱ ወጪ ያሳትምና ለደራሲው ድርሻውን ይከፍል ነበር፤ በዚያው ልክ ሳንሱሩም ነበር። ቅድመ ምርመራ በ1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ ሕግ ቁጥር 34 ሲቀር የመጻፍ በር ተከፈተ፤ ወጪው ግን ቀስ በቀስ ወደ ደራሲው ትከሻ ዞረ። ዛሬ አሳታሚ ነኝ የሚል ድርጅት ሲገኝ መጀመሪያ የሚጠየቀው የማተሚያውን ገንዘብ ማን ይከፍላል የሚለው ነው። ደራሲው የሚከፍል ከሆነ ድርጅቱ አገልግሎት ሻጭ ነው፤ ውሉም በዚያ መልክ መጻፍ አለበት። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ አሳታሚነት ውል ራሱን የቻለ ክፍል አለው። የቅጂው ብዛት፣ የዳግም ሕትመት መብት፣ የሒሳብ መተሳሰቢያው ቀን በውሉ ላይ በቁጥር ካልሰፈሩ ኋላ ምስክር ፍለጋ ነው።

መጽሐፉ ከወጣ በኋላ ሁለት ዓይነት ገበያ ይጠብቀዋል። መደብሩ በአደራ ይወስዳል፤ ሲሸጥ ይከፍላል። አዟሪው ጥቂት ቅጂ በቅናሽ በእጅ በእጅ ይገዛና በትከሻው ተሸክሞ ቡና ቤት ለቡና ቤት ይዞራል። ደራሲዎች መደብሩን ያከብራሉ፤ አዟሪውን አይቆጥሩትም። ነገር ግን የትኛው መጽሐፍ እንደሚሄድ በሁለት ቀን ውስጥ የሚያውቀው አዟሪው ነው፤ ገንዘቡም ወዲያው ይገባል። አደራ የተሰጠው ግን ስንት ቅጂ፣ በስንት ቀን፣ ለማን እንደተሰጠ የሚናገር ደረሰኝ ከሌለው በስድስተኛው ወር «እሱን እኮ ያኔ ተሳስበናል» የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል። ዝናብ ደግሞ የአዟሪው ጠላት ነው፤ ሰኔ ላይ የሚወጣ መጽሐፍ ከመስከረም በፊት ብዙ መንገድ አይሄድም።

በጀርባ ሽፋን ላይ ዋጋ የማተም ልማዳችንም ለብቻው መነሳት ያለበት ነው። ዋጋ በተረጋጋበት ዘመን አንባቢውን ከአጭበርባሪ ይጠብቀው ነበር። ዋጋ በየዓመቱ በሚወጣበት ጊዜ ግን ደራሲውን ራሱን ያስረዋል። ሁለት ዓመት የቆየ መጽሐፍ የታተመበት ዋጋ ላይ ወረቀት ተለጥፎ፣ ከሥሩ የድሮው ቁጥር እየታየ፣ ገዢው በጥፍሩ ሲልጥና ሲከራከር ማየት የተለመደ ነው።

ቅጂ የሚሰርቀውስ? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት እስካለና ካረፈ በኋላም ለወራሾቹ 50 ዓመት ይጠብቅለታል። ጥበቃውን ለማግኘት መመዝገብ ግዴታ አይደለም። ሕጉ የሚጠብቀው አጻጻፉን እንጂ ሐሳቡን አለመሆኑን ማወቅ ግን ይጠቅማል፤ ሌላ ሰው በዚያው ጉዳይ በራሱ ቃል ቢጽፍ ማንም አይከለክለውም። በተግባር የሚያሰጋው በፒዲኤፍ ተነስቶ በቴሌግራም የሚለቀቀው ነው። ታዋቂ ሰውም ከዚህ አያመልጥም። በ2004 ዓ.ም. የኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም «ትግላችን» ሎስ አንጀለስ ያለው ፀሐይ አሳታሚ በወጉ ሳይሸጠው ተነስቶ በኢንተርኔት ተለቋል። ደራሲው ማድረግ የሚችለው ረቂቁን ለብዙ ሰው በኢሜይል ከመላክ መቆጠብ፣ ለእያንዳንዱ አንባቢ የተለየ ምልክት ያለበት ወረቀት መስጠት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መጽሐፉ በወጣ ሰሞን ክፍለ ሀገር ድረስ በፍጥነት ማዳረስ ነው። ሐዋሳና ባሕር ዳር ያለ አንባቢ መጽሐፉን መደብር ሄዶ ካጣው ስልኩ ላይ ይፈልገዋል።

የገበያን ነገር የሚጽፍ ሰው በሌላው ወገን የሚጠነቀቀው ነገርም አለ። «እገሌ በሐሰተኛ ሰነድ ዕቃ አስገባ» ብሎ ስም መጥራት ማስረጃ ይፈልጋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በሕይወት ያለን ሰው ስም ማጥፋት ያስጠይቃል። ፎቶግራፍም እንደዚሁ ነው፤ ሕጉ ከዘረዘራቸው ሁኔታዎች ውጭ የአንድን ሰው ምስል ያለ ፈቃዱ አባዝቶ መሸጥ አይቻልም። የድሮ የሱቅ ፎቶ ለጥፎ «ከግራ ወደ ቀኝ» ብሎ የሚጽፍ ሰው የቆሙትን አስቀድሞ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ለውጭ አገር አንባቢ ለመላክ የሚያስብ ደግሞ ሚዛኑን ያስታውስ። ከነሽፋኑ 250 ግራም የሚሆን መጽሐፍ በ23 ኪሎ ሻንጣ 92 ብቻ ነው የሚገባው። ዋሽንግተን ያለ ዘመድ «ላክልኝ፣ እሸጥልሃለሁ» ሲል የሻንጣውን ቦታ ማን እንደሚከፍል ከወዲሁ መነጋገር ያስፈልጋል።

መለያ ቁጥሩን፣ አይ.ኤስ.ቢ.ኤን. የሚባለውን፣ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ብዙ ሰው እስከ ዛሬ ወመዘክር ይለዋል። ለኢትዮጵያ ከተሰጡት መነሻ ቁጥሮች አንዱ 978-99944 ነው። ቁጥሩ ሽፋኑ ከመታተሙ በፊት መወሰድ አለበት። መጽሐፉ ሲወጣም ለዚያው ቤት በሕግ የሚሰጠው ቅጂ አለ። ይህን እንደ ቅጣት የሚያይ ደራሲ አይጠፋም፤ ነገር ግን ከሃምሳ ዓመት በኋላ መደብሩም አዟሪውም ሲጠፉ መጽሐፉ የሚገኘው እዚያ ነው።

ከማተሚያ ቤት ሲወጣ የመጨረሻው ጥያቄ ስለ ፋይሉ ነው። የገጽ ቅንብሩ የተሠራበትን ፋይል፣ የሽፋኑን ሥዕል፣ የታረመውን ጽሑፍ ደራሲው በራሱ ዲስክ ይዞ መውጣት አለበት፤ ይህም በውሉ ላይ መጻፍ ይኖርበታል። የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሕይወት ታሪክ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የታተመው እርሳቸው ካረፉ ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በ1998 ዓ.ም. ነው። የእጅ ጽሑፉ ባይጠበቅ ኖሮ የሚታተም ነገር አይኖርም ነበር። የኮምፒውተር ፋይል ደግሞ ከእጅ ጽሑፍ ይልቅ ቶሎ ይጠፋል፤ ቅንብሩን የሠራው ልጅ ሥራ ይለቃል፤ ኮምፒውተሩ ይሸጣል፤ ከሦስት ዓመት በኋላ «መጽሐፉ አለቀ፣ ድገሙልን» የሚል ስልክ ሲደወል 240 ገጽ እንደገና ይተየባል።